ጫናን ተቋቁሞ መሥራት የሚችል ሕዝብ፦ በጉብሬ ሲቪዎች የችሎታ ክፍል ላይ የተደረገ ጥናት

ጉብሬ ውስጥ ጫናን የማይቋቋም ሰው የለም። በእጃችን ያለው የጽሑፍ ማስረጃ የሚለው ይህን ነው። ከወልቂጤ ወደ እምድብር በሚወስደው መንገድ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በዚህች ከተማ፣ ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ በ2004 ዓ.ም. በሩን ከከፈተ ወዲህ የተጻፉት ሲቪዎች ሁሉ ስለ ባለቤቶቻቸው የሚመሰክሩት አንድ ነገር ነው፦ ታታሪ፣ ታማኝ፣ በቡድንም ለብቻም መሥራት የሚችል፣ አዲስ ነገር ቶሎ የሚለምድ፣ ከሰው ተግባቢ፣ ጫናን ተቋቋሚ። «ጠዋት መነሳት ይከብደኛል» ያለ አመልካች አልተገኘም። ብቻዬን እንጂ ከሰው ጋር መሥራት አልወድም ያለም የለም። እንዲህ ያለ እንከን የለሽ የሰው ኃይል በአንድ ቦታ ተከማችቶ ሳለ ሥራ ፈላጊው አለመቀነሱ ሳይንሳዊ ማብራሪያ የሚሻ ጉዳይ ነው። ይህ ጥናት የዚያ ማብራሪያ ጅማሬ ነው፤ ፍጻሜውን ለሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎች እንተዋለን።

የናሙናው ጉዳይ

ናሙናው የተሰበሰበው ከተማሪው መመላለሻ መንገድ ዳር ከተደረደሩት የኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤቶች ነው፤ በትክክል ለመናገር ከቆሻሻ ቅርጫታቸው። ቅርጫት ውስጥ የሚገባ ሲቪ ወይ ቀለም የፈሰሰበት፣ ወይ ማሽኑ ጎርሶ የጨማደደው፣ ወይ ከስልክ ቁጥሩ አንድ አኃዝ የጎደለው ነው። አንዳንድ ተቺዎች ይህ ናሙና የተበላሹትን ብቻ ስለሚወክል ሚዛናዊ አይደለም ሊሉ ይችላሉ። መልሱ ቀላል ነው፦ የተበላሸውና ያልተበላሸው ሲቪ ይዘታቸው አንድ ስለሆነ ልዩነት አያመጣም። የምርምር ሥነ ምግባርን በተመለከተ፣ ቀለሙ በብዛት የሚፈሰው የስም መስመር ላይ በመሆኑ የተሳታፊዎቹ ምስጢር በማሽኑ ተጠብቋል። አጥኚው ከየትኛውም ወገን ገንዘብ አልተቀበለም፤ የሚሰጥ አልነበረም።

ቀደምት ሥራዎች

በምዕራቡ ዓለም የሲቪ አጻጻፍ አባት ተደርጎ የሚጠቀሰው ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ነው። በ1482 እ.ኤ.አ. ገደማ ለሚላኑ ገዥ ለሉዶቪኮ ስፎርዛ ባዘጋጀው ደብዳቤ፣ ቀላል ተንቀሳቃሽ ድልድይ እንደሚሠራ፣ የምሽግ ውኃ እንደሚያደርቅ፣ መድፍ እንደሚያበጅ፣ ጥይት የማይበሳው ሠረገላ እንደሚሠራ በተራ ቁጥር ይደረድራል። ወደ መጨረሻው ግድም፣ በሰላም ጊዜ ሕንፃ እንደሚሠራ፣ ሐውልት እንደሚቀርጽ፣ ሥዕልም እንደሚሥል ጠቀስ አድርጎ ያልፋል። ጉብሬ ቢሆን ኖሮ ይህቺ የመጨረሻዋ ነገር «ሆቢ» ከሚለው ርእስ ሥር ነበር የምትገባው፣ እግር ኳስ ከማየት ቀጥላ። ሰውየው ግን ለማን እንደሚጽፍ ያውቅ ነበር። ሉዶቪኮን ያስጨነቀው ጠላት እንጂ ባዶ ግድግዳ አልነበረም።

የእኛ አገር ቀደምት ሥራ በወረቀት ላይ አይገኝም፤ የሚገኘው በጉሮሮ ነው። ፉከራ በቃል የቀረበ የሥራ ልምድ ነው። ፎካሪው «ዘራፍ» ብሎ ይነሳል፣ ራሱን በአባቱና በፈረሱ ስም ያስተዋውቃል፣ የዋለበትን ሜዳ ይጠራል፣ የጣለውን ይቆጥራል፣ ማስረጃውን ግዳዩን ከጌታው ፊት ይጥላል። ከዚህ ዘመን ሲቪ የሚለየው ዋናው ባሕርይ ግን ሌላ ነው። አንድም ፎካሪ «ከሌሎች ጋር ተግባብቼ መውጋት እችላለሁ» ሲል አልተሰማም። የሚናገረው የሠራውን ብቻ ነው፤ ካልሠራውም አብሮት የዘመተ ሰው እዚያው ድንኳን ውስጥ ጠጁን ይዞ ተቀምጧል። ዛሬ «ሪፈረንስ» እያልን ሦስት ስም ከነስልኩ የምንደረድረው የዚያን ጠጅ ጠጪ ቦታ ለመሙላት ነው። የደጅ ጥናቱም ነገር እንዲሁ ነው። ጌታው ዞር ብሎ እስኪያየው ድረስ ክረምት ከበጋ በር ላይ የቆመ ሰው፣ ጫናን መቋቋሙን በጽሑፍ ማስታወቅ አያስፈልገውም ነበር።

በዚህ ረገድ ለአካባቢው ጥናት የሚቀርበው ሰው ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ናቸው። በልጅነታቸው ከዚሁ ከጨቦና ጉራጌ ምድር በዘመቻ ተማርከው እንደሄዱ ይነገራል። አጤ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የጦር ሚኒስቴሩን ሰጧቸው፤ እሳቸውም በ1919 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ አልለቀቁትም። ፊደል አልቆጠሩም ይባላል። ሕዝቡ የሚያውቃቸው «አባ መላ» በሚለው ስም ነው። የእሳቸው የችሎታ ክፍል አንድ ቃል ብቻ የያዘ በሆነ ነበር፤ እሱም መላ ነው። ዛሬ ቢያመለክቱ በመጀመሪያው ማጣሪያ እንደሚወድቁ ጥርጥር የለውም፤ «የኮምፒውተር ችሎታ» የሚለው ፊት ለፊት ሰረዝ አለባቸው።

የእናት ፋይሉ መገኘት

የብራና መጻሕፍትን ዝምድና የሚመረምሩ ሊቃውንት ከጀርመኑ ከካርል ላኽማን ስም ጋር የተያያዘ አንድ ዘዴ አላቸው። ሁለት ጸሐፊዎች ትክክለኛውን ቃል ለየብቻቸው ሊጽፉ ስለሚችሉ ትክክል ነገር ዝምድናን አይገልጥም። ዝምድና የሚታወቀው በጋራ ስሕተት ነው። አንዱ ደብተራ የዘለለውን መስመር ሌላውም በዚያው ቦታ ከዘለለው፣ ወይ አንዱ ከሌላው ገልብጧል ወይ ሁለቱም ከአንድ ምንጭ ቀድተዋል። አጥኚው ይህን ዘዴ ወደ ቅርጫቱ አመጣው። ውጤቱ ፈጣን ነበር። «ኮሚዩኒኬሽን ስኪል» የሚለው ሐረግ በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ ሁለት «ኤም» ሊኖሩት ሲገባ፣ በናሙናው ውስጥ ግን ያለው አንድ ነው። የነርሷም አንድ ነው፣ የሲቪል መሐንዲሱም አንድ ነው፣ በአራት የተለያዩ ዓመታት የተመረቁ የሕግ ምሩቃንም አንድ አንድ ነው። ሁሉም የአንድ እናት ልጆች ናቸው።

እናቲቱ የምትኖረው በአንድ ጽሕፈት ቤት ኮምፒውተር ዴስክቶፕ ላይ ሲሆን ስሟ «ሲቪ አዲስ የመጨረሻ ትክክለኛው 2» ነው። 1 የት እንደገባ አልታወቀም። ደራሲውም አይታወቅም፤ ሆኖም ከጽሑፉ ውስጣዊ ማስረጃ ተነስተን ስለ እሱ ጥቂት ነገር መናገር እንችላለን። ወንድ ነው። አላገባም። ጤንነቱ ጥሩ ነው። የተመረቀው በእንስሳት ሳይንስ ነው። ይህን የመጨረሻውን ያወቅነው በኮምፒውተር ሳይንስ ምሩቃን ሲቪ ላይ «በወተት ላሞች አያያዝ የመስክ ልምምድ ያለው» የሚል መስመር አልፎ አልፎ ብቅ ስለሚል ነው። ደራሲው መንፈሳዊ ሰውም ነበር። የትርፍ ጊዜ ልማዱ መዝሙር ማዳመጥ ሲሆን፣ ይኸው ልማድ ስማቸው ከነአያታቸው ሙስሊም በሆኑ በርካታ አመልካቾች ዘንድ ይታያል። በጉራጌ ምድር ጎረቤት ከጎረቤት መስቀልና ዒድ እየተጠራራ የኖረ ስለሆነ፣ አጥኚው ይህን እንደ ስሕተት ለመቁጠር አልደፈረም።

ፆታን በተመለከተ የተገኘው ግን ሲቪን የሚያነብ የለም ለሚለው መላምታችን መሠረት የሆነ ነው። አንዲት የሚድዋይፈሪ ምሩቅ ከእናት ፋይሉ በወረሰችው መሠረት ወንድ ሆና ለበርካታ መሥሪያ ቤቶች አመልክታለች። ጉርድ ፎቶግራፏ ከላይ በስተቀኝ ተለጥፏል። ከመሥሪያ ቤቶቹ አንዱም ጥያቄ አላነሳም።

እንግዲህ ሥራው እንዴት እንደሚሠራ እንይ። ተመራቂው ወደ ጽሕፈት ቤቱ ይገባል። ጸሐፊዋ ቀና ሳትል ስም፣ ዲፓርትመንት፣ ጂፒኤ፣ ስልክ እያለች ትጠይቃለች። ከዚያ ዋናው ክፍል ይመጣል።

«ስኪሉ እንዳለ ይሁን?»

«እንዳለ ይሁን እህቴ።»

«ኮምፒውተርስ? ጥሩ ልበለው፣ በጣም ጥሩ?»

«የቱ ይሻላል?»

«ኤክሰለንት ነው የሚያስብሉት ብዙዎቹ።»

«እሱ ይሁና።»

ይህ ሁሉ ሲሆን ተመራቂው ከወንበሯ ኋላ ቆሟል፤ እጁ ኪቦርዱን አልነካም። ፍላሽ ስለሌለው ፋይሉ እሷው ጋ ይቀራል፤ ነገ ሌላ ማስታወቂያ ሲወጣ «የኔን ክፈቺልኝ» ብሎ ይመለሳል። የኮምፒውተር ችሎታው ኤክሰለንት መሆኑን የሚገልጸው ዓረፍተ ነገር በሌላ ሰው ጣት የተተየበ መሆኑ፣ በአጥኚው እምነት፣ በዘመናችን ከተጻፉ ዓረፍተ ነገሮች ሁሉ ጥልቁ ነው።

የዓረፍተ ነገሩ ዝርዝር ይዘትም ቢሆን ትኩረት ይገባዋል። ዎርድ እ.ኤ.አ. በ1983፣ ኤክሴል በ1985፣ ፓወር ፖይንት በ1987 ለገበያ የቀረቡ ናቸው። ከአመልካቾቹ በዕድሜ ይበልጣሉ፤ ለትዳር የደረሱ ልጆች ወላጅ መሆን በሚችሉበት ዕድሜ ላይ ናቸው። ነገር ግን የጉብሬ ሲቪ አሁንም እንደ ትኩስ ዜና ነው የሚያበስራቸው። ከሁሉም የሚደንቀው በ1992 እ.ኤ.አ. የመጣው አክሰስ ነው። አክሰስን ከፍቶ ያየ ሰው ለማግኘት የተደረገው ፍለጋ አልተሳካም፤ ችሎታው ግን በሁሉም ዘንድ አለ። የኢኮኖሚክስና የሶሲዮሎጂ ምሩቃን በዚህ ላይ ኤስፒኤስኤስን ይጨምራሉ። ለመመረቂያ ጽሑፋቸው ዳታውን አስገብቶ ሰንጠረዡን ያወጣላቸው ሰው ግን የተከፈለው ነው። የከተማዋ የኮምፒውተር ችሎታ ተጠቃሎ ቢቆጠር አሥር ጣት ይሆናል፤ እነሱም የአንዲት ሴት ናቸው። አጥኚው የእሷን ሲቪ ለማየት ጠይቆ ነበር። የላትም።

የቋንቋ ሰንጠረዡን በአጭሩ እንለፈው። ሦስት ረድፍ አለው፦ አማርኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ጉራጊኛ። አራት ዓምድ አለው፦ መስማት፣ መናገር፣ ማንበብ፣ መጻፍ። አሥራ ሁለቱም ቤቶች በአንድ ቃል ይሞላሉ። ከነዚህ ውስጥ ጉራጊኛ ከመጻፍ ጋር የሚገናኝበት ቤት ትንሽ ያቆማል። ሳህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም ስለ ጉራጌ መንደር ሕይወት የሚተርከውን መጽሐፉን በቸሃ ጉራጊኛ ጽፎ፣ ቮልፍ ሌስላው ወደ እንግሊዝኛ መልሶት በ1964 እ.ኤ.አ. የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት አሳትሞታል። በዚያች ቤት ውስጥ «ኤክሰለንት» ያለ ተመራቂ ሁሉ እንግዲህ የሳህለ ሥላሴ ባልደረባ ነው። መጻሕፍቶቻቸውን በጉጉት እንጠብቃለን።

ውሸት ነው ወይ?

ሊቃውንቱን የሚያከራክረው ጥያቄ ይህ ነው። አንዱ ወገን የችሎታ ክፍሉ ዓይን ያወጣ ውሸት ነው ይላል፤ ሌላው ወገን ሲቪ ስላላገኘ ገና አስተያየት አልሰጠም። አጥኚው ግን ጥያቄው ከነጭራሹ ቦታውን የሳተ ነው ባይ ነው። ጠዋት መንገድ ላይ የተገናኙ ሁለት ሰዎች «እንዴት አደሩ?» «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና» ሲባባሉ፣ ጥርሱን ሲያመው ያደረው ሰውዬ ዋሸ አይባልም። የጥርሱን ነገር መዘርዘር ቢጀምር ነው ሰው የሚደነግጠው። «ሃርድ ወርከር» ማለት «ደህና ነኝ» ማለት ነው። «ጫናን ተቋቁሜ እሠራለሁ» ማለት «እርስዎስ፣ ቤተሰብ እንዴት ነው?» ማለት ነው። ሰላምታ ሳይሰጥ ወደ ጉዳዩ የገባ ሰው ባለጌ እንደሚባል ሁሉ፣ የችሎታ ክፍል የሌለው ሲቪም ያልተገራ ይሆናል። ክፍሉ ስለ አመልካቹ ምንም አይናገርም፤ እንዲናገርም አልተፈለገም።

ለምን እንዳልተፈለገ ለማየት ወደ ማስታወቂያ ሰሌዳው መሄድ ያስፈልጋል። በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሥራ ማስታወቂያ ላይ «ተፈላጊ ችሎታ» የሚል ዓምድ አለ። ከሥሩ የሚገኘው «በአካውንቲንግ የመጀመሪያ ዲግሪና 2 ዓመት የሥራ ልምድ» ነው። ከጎኑ ብዛት 1፣ ደመወዝ በስኬሉ መሠረት። ችሎታ ራሱ በዚያ ዓምድ ውስጥ አንድም ቀን ታይቶ አይታወቅም። የመሥሪያ ቤቱ ሐቀኝነት ያስመሰግነዋል፦ ምን ትችላለህ ብሎ አልጠየቀም፤ የጠየቀው ምን ወረቀት አለህ ብሎ ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ወዲህ የመውጫ ፈተና ስለ መጣ ደግሞ ከወረቀቱ በፊት ሌላ ወረቀት አለ፤ ከመቶ 50 ያላመጣ ተማሪ ዲግሪውን አያይም። ይህን ሁሉ አልፎ የመጣ ሰው ታታሪ መሆኑን በተጨማሪ መጻፉ ለማሳመር ነው።

ማስታወቂያው የልምድንም ትርጉም ያጠራልናል። ከግል ድርጅት የሚቀርብ የሥራ ልምድ የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆኑ ተረጋግጦ መቅረብ አለበት። ይህ በእውቀት ታሪክ ውስጥ ተገቢውን ቦታ ያላገኘ ሐሳብ ነው። ሰው አንድን ነገር ማወቁ የሚረጋገጠው ግብር ሲከፈልበት ነው። ግብር ያልተከፈለበት ችሎታ ቢኖርም እንደሌለ ይቆጠራል። ከዚያ በተረፈ ማስረጃውን «ከማይመለስ ፎቶ ኮፒ ጋር» ማቅረብ ግዴታ ነው። ፎቶ ኮፒው እንደማይመለስ በግልጽ ተጽፏል፤ አመልካቹ ግን ተመልሶ እንዲመጣ፣ ነገም እንዲመጣ፣ ማክሰኞም እንዲሞክር በቃል ይነገረዋል።

ያልተጻፈው

እዚህ ላይ ጥናቱ ከቅርጫቱ ወጣ ብሎ የቅርጫቱን ባለቤቶች ማየት ነበረበት። የተገኘው ለመላምቱ የማይመች ነው፤ ግን ይቅረብ።

«ፕላኒንግ ስኪል» የሚለውን ከእናት ፋይሉ የወረሰች አንዲት የማኔጅመንት ምሩቅ አለች። ቤተሰቧ ከጉብሬ እምብዛም በማይርቅ መንደር እንሰት ያለማሉ። እንሰት ተተክሎ ለቆጮ እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል፤ በዚያ መሐል ችግኙ አንዴ ተተክሎ የሚተው አይደለም። እየተነቀለ፣ ዕድሜው ከፍ ባለ ቁጥር ወደ ሰፋ ቦታ እየተዛወረ ያድጋል። ስለዚህ ጓሮው በዕድሜ የተሰለፈ ነው። ረድፉን ማንበብ የሚችል ሰው የትኛው ዘንድሮ እንደሚፋቅ፣ የትኛው ለከርሞ እንደሚቆይ፣ የትኛው ልጅቱ ተመርቃ የምትመጣበት ዓመት ላይ እንደሚደርስ ያውቃል። ልጅቱ ረድፉን የምታነበው ከልጅነቷ ጀምሮ ነው። ሲፋቅ አብራ ፍቃለች፣ ጉድጓድ ሲገባ አብራ ኮባ አልብሳለች፣ ሲብላላ መድረስ አለመድረሱን አሽትታ ብቻ ትናገራለች። እናቷና ጎረቤቶቿ ለመስቀል የሚሆነውን ቅቤ ዓመቱን ሙሉ በየተራ ሲያጠራቅሙ ተራ የማን እንደሆነ የምታስታውሰው እሷ ናት። በዩኒቨርሲቲው የፕሮጀክት ማኔጅመንት ኮርስ ላይ ዓመታት የሚፈጅ ፕሮጀክት በምን ዓይነት ሰንጠረዥ እንደሚቀረጽ ተምራለች፤ ቢ ፕላስ አመጣች። ስለ ጓሮው በሲቪው ላይ አንድም ቃል የለም። ለምን ብላ አላሰበችም። አጥኚው እስኪጠይቃት ድረስ ችሎታ መሆኑን አልሰማችም፤ ከጠየቃትም በኋላ ቀልድ መስሏት ነበር።

ሁለተኛው ሰው የኢኮኖሚክስ ምሩቅ ነው። ክረምት ክረምት አዲስ አበባ መርካቶ፣ አጎቱ ሱቅ ይውል ነበር። አጎቱ የዕቁብ ዳኛ ናቸው፤ ልጁ ደብተሩን ይይዛል። የዕቁብ ደብተር ማን ከፈለ ማን አልከፈለ ብቻ አይደለም። ዕጣ የወጣለት ሰው ዋስ ጠርቶ ነው ብሩን የሚወስደው፤ የዋሱን ክብደት መመዘን የጸሐፊው ሥራ ነው። ሱቁ በዕቃ የተሞላ ሰው ሁሉ ብር ያለው አይደለም፤ ዕቃው የሰው ሊሆን ይችላል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሁለቴ በልጅ የላከ ዕቁብተኛ ሦስተኛውን ላይልክ ይችላል። ልጁ ይህን ያውቃል፤ እንዴት እንዳወቀው አያውቅም። ባንኮች ለዚሁ ሥራ የክሬዲት አናሊስት ይቀጥራሉ፤ ተፈላጊ ችሎታ ዲግሪና የሥራ ልምድ። የልጁ ሲቪ ላይ የሥራ ልምድ በሚለው ፊት «የለም» ተብሏል። ግብር አልተከፈለበትማ።

ሲቪል መሐንዲሱ ደግሞ ጀፎር ዳር ተወልዶ ያደገ ነው። ጀፎር ለማያውቅ፣ በግራና በቀኝ የጎጆ ረድፍ ያጠረው፣ ሣር የለበሰ ሰፊ የመንደር ጎዳና ነው። ከብት ይተላለፍበታል፣ ለቅሶና ሠርግ ይዋልበታል፣ ልጅ ይጫወትበታል። ሰፊ ሆኖ የቆየው ማንም አጥሩን አንድ ክንድ ወደ ውስጥ እንዳይገፋ ሽማግሌ ስለሚጠብቀው ነው። ክርክሩ ቢከር እስከ ሰባት ቤት ጉራጌ የባህል ሸንጎ፣ እስከ የጆካ ድረስ ሊሄድ ይችላል። ልጁ አጥር የገፋ ጎረቤት ሲዳኝ፣ ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው፣ ሰውየው ቀና ሳይል፣ በዚያችው ሣር ላይ ቁጭ ብሎ ሰምቷል። በሲቪው ላይ ግን ያለው «አውቶካድ» እና «ኮንፍሊክት ሪዞሉሽን» ነው፤ ሁለተኛው ከእናት ፋይሉ የመጣ ሲሆን መጀመሪያ የተጻፈው በሬ ከበሬ እንዳይዋጋ ስለ መለየት ሳይሆን አይቀርም።

የሌሎቹን አንዘረዝርም። ስድስት ሆነው በአንድ የማደሪያ ክፍል ዓመታት ኖረው ሳሙና አልተሰራረቁም። ክሊራንስ ለማስጨረስ፣ ለምሳ የወጣን የቢሮ ኃላፊ ከየካፌው አድነው ፊርማውን አግኝተዋል። ባጃጅ ዋጋ ሲጨምር በአንድ ቀን ውስጥ የመንገዱን ተማሪ አስተባብረው በእግር ሄደዋል። ከነዚህ አንዱም አልተጻፈም። አጥኚው ምክንያቱን ሲፈልግ የደረሰበት ነገር ይህ ነው፦ ጉብሬ ላይ፣ ምናልባትም ከጉብሬ ውጭ፣ ችሎታ የሚባለው ከክፍል ውስጥ የመጣው ብቻ ነው። ከቤት የመጣ ነገር ሥራ ነው እንጂ ችሎታ አይደለም። ወላጅም እንዲህ ብሎ ነው የላከው፤ ልጁ ጓሮውን እንዲረሳ እንጂ ጓሮውን እንዲጽፍ አይደለም የተማረው።

ሙከራ

ማንኛውም ጥናት ሙከራ ያስፈልገዋል። ከላይ የጠቀስናት የማኔጅመንት ምሩቅ ፈቃደኛ ሆና በአንድ ስም ሁለት ሲቪ እንዲዘጋጅላት ተስማማች። የመጀመሪያው ከእናት ፋይሉ እንዳለ የተወሰደ ሲሆን የወተት ላሞቹ ብቻ እንዲወጡ ተደርጓል። ሁለተኛውን ራሷ በእጇ ጽፋ አመጣችው። የችሎታ ክፍሉ እንዲህ ይነበብ ነበር፦

«የእናቴን ቆጮ ከአዲስ አበባ ለሚመጡ ነጋዴዎች የምሸጠው እኔ ነኝ፤ በዋጋ ተታልዬ አላውቅም። ሰው ሳይቀየመኝ ዱቤ እሰበስባለሁ። ለመውጫ ፈተናው መብራት በጠፋበት ሳምንት በስልክ ብርሃን አጥንቼ አልፌያለሁ። ኤክሴል ላይ መደመርና በፊደል ተራ ማስያዝ እችላለሁ፤ ከዚያ በላይ ሰው ያሳየኛል። እንግሊዝኛ ካነበብኩ ይገባኛል፤ ስናገር እቆማለሁ። ጉራጊኛ እናገራለሁ፤ ጽፌ አላውቅም። አክሰስ አላውቅም።»

ጸሐፊዋ እየተየበች ሳለ መሐል ላይ እጇን አነሳች። ወረቀቱን እንደገና ከላይ ጀምራ አነበበችው።

«ይሄን ሁሉ የምትችይ ከሆነ ሰው ቤት ምን ልትቀጠሪ ትሄጃለሽ?»

«አባዬ ዲግሪውን በሥራ ካላየሁት ይላላ።»

«በእውነት ነው የምልሽ። እዚሁ ሱቅ አትከፍቺም?»

«በምን ብር?»

ጸሐፊዋ ወደ መተየቡ ተመለሰች። ጽሑፉ ከአንድ ገጽ ስላለፈ የሁለት ገጽ ዋጋ መሆኑንም ነገረቻት፤ የእናት ፋይሉ ግን አንድ ገጽ ነው። አጥኚው እንደሚያስታውሰው ልጅቱ በትርፉ ገጽ ዋጋ ላይ ተከራከረች። በመጨረሻ በአንድ ገጽ ዋጋ ተስማሙ፤ ይህም በሁለተኛው ሲቪ ላይ የተጻፈው የመጀመሪያው መስመር እውነት መሆኑን ያረጋግጣል።

ሁለቱም ሲቪዎች ለአንድ መሥሪያ ቤት ለአንድ የሥራ መደብ በተለያየ ቀን ገቡ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ስልክ ተደወለ። ደዋዩ ሁለቱም ማመልከቻዎች ፊቱ እንዳሉ ተናግሮ፣ በሁለቱም ላይ የተጓደለ ነገር በመኖሩ ለማየት እንዳልተቻለ አስታወቀ። የመታወቂያ ፎቶ ኮፒ አልተያያዘም።